በቁልፍ ሥራ መኖር ይቻላል? የሐይቅና የአምባሰል አካባቢ ዳሰሳ

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። የቀረው ወጣት ቤት ቁጭ ብሎ አይውልም። ሐይቅና አምባሰል ላይ መንገዱ ይታወቃል፦ ሴቷ ለዐረብ አገር ፓስፖርት ታወጣለች፤ ወንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ ሞባይል ጥገና ይማራል ወይም በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ደላላ ያነጋግራል። ቁልፍ ሥራን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሙያ የሚያውቀው ከጎዳና ዳር፣ ከጃንጥላ ሥር በተቀመጠች ትንሽ ማሽንና በተንጠለጠሉ ጥሬ ቁልፎች ብቻ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል ብሎ አይገምተውም። ግምቱ በከፊል ትክክል ነው። በከፊል ደግሞ ሙያውን በደንብ ካለማየት የመጣ ነው።

የኔን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። ሐይቅን በሚያክል ከተማ ቁልፍ በማባዛት ብቻ ትዳር አይያዝም። ቁልፍን ከበር ሥራ ጋር አጣምሮ የያዘ፣ ሰው ያመነው ባለሙያ ግን ከብዙ ደመወዝተኛ የተሻለ ሊኖር ይችላል። ወጣቶቻችን የሚቀሩት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፤ ማሽን ገዝተው ቅጂ እያወጡ፣ ወደ ሁለተኛው ሳይሻገሩ።

ሥራው ምን ምን እንደሚያካትት እንይ። አንደኛው ቅጂ ማውጣት ነው፤ ደንበኛው ቁልፉን ይሰጣል፣ ማሽኑ ጥርሱን ተከትሎ ጥሬው ላይ ይቀርጻል፣ በሞረድ ይስተካከላል፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ሁለተኛው ቁልፍ የጠፋበትን በር መክፈት ነው። ሦስተኛው የተበላሸ ወይም የተሰበረ ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን የመቆለፊያ አካል፣ ማውጣትና አዲስ መግጠም ሲሆን፣ በሩ ከወረደ ማጠፊያውን ማስተካከልም አብሮ ይመጣል። አራተኛው የካዝና፣ የመሳቢያና የቁም ሳጥን ሥራ ነው። አምስተኛው የተሽከርካሪ ቁልፍ ነው፤ እርሱ ራሱን የቻለ ዓለም ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ። ለዓይን የሚታየው የመጀመሪያው ነው፣ በአንድ ሥራ የሚያስገኘው ትርፍም ከሁሉም ያነሰው እርሱ ነው። በር መክፈት ግን የእጅ ጥበብ ይጠይቃል። ዛሬ በየቤቱ ያለው ሲሊንደር አሜሪካዊው ላይነስ ዬል (ልጅየው) በ1861 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት አሠራር የተወረሰ ነው፦ በትንንሽ ሞላ የሚገፉ ጥንድ ጥንድ ፒኖች በትክክለኛው ቁልፍ ጥርስ ላይ ተሰልፈው ሲቆሙ ሲሊንደሩ ይዞራል። ይህን የገባው ሰው በሩን ሳይሰብር ይከፍታል፣ ደንበኛውም አዲስ በር ከመግዛት ይድናል። ያልገባው ግን ድሪል አንስቶ ይበሳል፤ ሥራው አለቀ ቢባልም ባለቤቱ ሲሊንደር ይገዛል፣ አንዳንዴም ላሜራው ይጎዳል።

ገቢውን በስሌት እንፈትሸው። ዋጋ ከከተማ ከተማ፣ ከቁልፍ ዓይነት ዓይነት ስለሚለያይ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ አንባቢ በአካባቢው ዋጋ ይተካቸው። የጥሬው ዋጋ ተቀንሶ ከአንድ ቅጂ 40 ብር ይቀራል እንበል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ቁልፍ ቀራጩ ይህን ለማግኘት በወር 150 ቅጂ ማውጣት አለበት፤ 25 ቀን ቢሠራ በቀን 6 ማለት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ጀማሪ የሚያገኘውን 11,500 ብር ለመድረስ ደግሞ በቀን 11 ወይም 12 ቅጂ ያስፈልገዋል። የቦታ ኪራይና መብራት ገና አልተነሣም። በአንጻሩ ሲሊንደር ለመለወጥ የእጅ ዋጋ 400 ብር ቢያገኝ፣ 15 ሥራ ብቻ 6,000 ብር ይሞላለታል። በአምስት የሥራ ቀን ሦስት በር ማለት ነው።

ገበያው ይህን ያህል ይሸከማል? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሐይቅ ከተማን የያዘው የተሁለደሬ ወረዳ ሕዝብ 118 ሺህ ያህል ነበር፤ ከተማ የሚኖረው ከመቶ 12 አይሞላም፣ ወደ 14 ሺህ ሰው ነው። በአንድ ቤት 5 ሰው ብንል 2,800 ቤት ይሆናል። ከተማው ከዚያ ወዲህ አድጓልና እጥፍ አድርገን 5,600 ብንለው፣ እያንዳንዱም ቤት በዓመት አንድ ቅጂ ቢያስወጣ፣ በወር 467 ቅጂ ይመጣል። ይህ ለሦስት ሰው ቢካፈል ለእያንዳንዱ 156 ይደርሰዋል፤ ሦስቱም ከዝቅተኛው ደመወዝ ጥቂት ይበልጣሉ። አራተኛው ማሽን ገዝቶ ከተቀመጠ አራቱም ከደረጃው በታች ይወርዳሉ። በትንሽ ከተማ ሙያው የሚታፈነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ሲያገኝ ያየ ጎረቤት ያንኑ ማሽን ያመጣል። አምባሰል ወረዳ ላይ፣ ውጫሌን ከመሰሉ ከተሞች ውጭ፣ ገበያው ከዚህም የጠበበ ነው። ገጠር ቤት ሰው አይለየውም፤ በሩን የሚጠብቀው መወርወሪያው፣ ውሻውና ጎረቤቱ ነው።

ይሁንና ቅጂውን ትተን በሩን ከተመለከትን ሐይቅ ሌላ ገጽ አላት። ከደቡብ ወሎ፣ በተለይ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦና ከቃሉ፣ ብዙ ሴቶች ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደዋል። የላኩት ገንዘብ በየከተማው ዳር ቤት ሆኗል። ባለቤቷ የሌለችበት ቤት ደግሞ ከየትኛውም ቤት በላይ ቁልፍ ይፈልጋል፦ አንዱ ክፍል ይከራያል፣ አንዱ ዕቃ ተከማችቶበት ይታሸጋል፣ አንዱ እናት ዘንድ ይቀራል። ተከራይ በተለወጠ ቁጥር አስተዋይ አከራይ ሲሊንደሩን ያስለውጣል። እኅት ጂዳ ሆና በስልክ «ወንድም ጋሼ፣ የላይኛዋን ክፍል አዲስ ቁልፍ አስደርግልኝ» ስትል፣ ወንድሟ የሚያምነውን ሰው ይጠራል። የሐይቅ የቁልፍ ባለሙያ እውነተኛ ገበያ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለውን ሥራ ግን ጃንጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ማግኘት አይቻልም፤ መሣሪያን በቦርሳ ይዞ ቤት ድረስ መሄድ ይጠይቃል።

ሌሎችም አሉ። በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ማረፊያዎች፣ በአስፋልቱ ዳር ያሉ አልጋ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የቀበሌና የወረዳ ቢሮዎች በሮቻቸው ብዙ ናቸው፤ ቁልፍ ያዡ ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ ሲሊንደር መለወጥ ይገባቸዋል። በየገጠሩ የተስፋፉት የቁጠባ ቡድኖች ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡበት ሣጥን ሦስት ጓጉንቸር ተገጥሞለት ሦስቱ ቁልፎች በሦስት አባላት እጅ ይሆናሉ፤ አንዱ ጠፋ ማለት የስብሰባው ቀን ሥራ ፈታ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋትም በብዙ ቦታ የሚከፈተው ቁልፍ የያዙት ሰዎች በአንድ ላይ ሲገኙ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያገኝ ባለሙያ ሌላውንም ያገኛል፤ እድርተኛው፣ ሰበካ ጉባኤው፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ያመነውን ሰው ሰፈሩ ያምነዋል።

የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሳይነሣ የዚህ አካባቢ በር ታሪክ አይሞላም። በጥቅምት ወር ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፤ ኅዳር 27 የፌዴራል መንግሥት መልሶ መያዙን እስኪያስታውቅ ድረስ ሐይቅም በዚያው መስመር ላይ ነበረች። የደሴ ሆስፒታል፣ የኮምቦልቻ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል። ከስደት የተመለሰ ሰው በሩን ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው በያጅና ቁልፍ ገጣሚ ነበር። ያን ጊዜ ሥራ መብዛቱን ለሙያው እድገት ማስረጃ ማድረግ አልፈልግም፤ ከሰው ጥፋት የተገኘ ገበያ ነበርና ሲያልፍም አልፏል። የተረፈ ነገር ግን አለ፦ ቀላል መቀርቀሪያ ይበቃኛል ይል የነበረው ሁሉ ጠንካራ በርና ጥሩ ሲሊንደር መጠየቅ ጀመረ። ጥሩ ሲሊንደር ደግሞ በአግባቡ የሚገጥም እጅ ይፈልጋል።

ወደ ወጪው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ጥሬ ቁልፍ፣ ሲሊንደር፣ ጓጉንቸር፣ የማሽኑ መቁረጫ ምላጭ ሁሉ ከውጭ የሚገቡ ናቸው፣ በአብዛኛው ከቻይና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጥሬው ዋጋ ሲጨምር ደንበኛው ይሸሻል፤ አንድ ቁልፍ ለአራት ቤተሰብ ይበቃል ይባልና ከበሩ ምንጣፍ ሥር መቀመጥ ይጀምራል። ስለዚህ በቅጂ ላይ የቆመ ሰው በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ዕቃው ይወደድበታል፣ ደንበኛው ይቀንስበታል። በእጅ ዋጋ የሚኖረው ግን ከዚህ በከፊል ይጠበቃል፤ ደንበኛው ሲሊንደሩን ራሱ ገዝቶ ያመጣል፣ ባለሙያው የሚሸጠው ዕውቀቱን ነው። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ፤ ማሽኑ ይቆማል፣ ሞረድና ካቻቢቴ ግን አይቆሙም። በሞረድ ብቻ ቁልፍ መቅረጽ የሚችሉ አሮጌ እጆች ለዚህ ነው ዛሬም የሚከበሩት፤ ወጣቱ ይህን ጥበብ ሳይማር ማሽን መግዛቱ ያሳስበኛል።

ሙያው የት ይቀሰማል? ደሴ የወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ኮምቦልቻም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት። እንዲህ ያሉ ኮሌጆች ብየዳን፣ ብረታ ብረትን፣ እንጨት ሥራን፣ ኤሌክትሪክን፣ አውቶሞቲቭን የመሳሰሉ ሙያዎችን ያስተምራሉ፣ ተማሪው በሙያ ብቃት ምዘና ያልፋል። ቁልፍ ሥራ ግን በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፤ አጎት ለወንድም ልጅ፣ ጌታው ለረዳቱ። ይህ መጥፎ ነው አልልም። ጉድለቱ ግን ረዳቱ የሚማረው ጌታው የሚያውቀውን ያህል ብቻ መሆኑ ነው፤ ጌታው ቅጂ ብቻ ካወጣ ረዳቱም በዚያው ይቀራል። ብየዳ የተማረ ልጅ ስድስት ወር ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ቢውል፣ ወይም ቁልፍ የሚያውቅ ልጅ የብየዳ ሥልጠና ቢወስድ፣ ከሁለቱም ነጠላ ባለሙያዎች የሚበልጥ ሰው ይወጣል። የብረት በር ቤቶች በሩን ሠርተው ቁልፉን በችኮላ ስለሚገጥሙት፣ በየከተማው ከወራት በኋላ ቁልፉ አልዞር ያለ በር ሞልቷል። የዚያ በር ጥገና ማንም ያልያዘው እንጀራ ነው።

ሰው ስለዚህ ሙያ ሲያወራ ስለማያነሣው ነገር ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ስለ ንቀትና ስለ ጥርጣሬ። ብረት የሚነካ እጅ በአገራችን ለዘመናት ተንቋል። አንጥረኛው ጠይብ፣ ቡዳ ሲባል ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ ያወጁት ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ስላዩ ነው። ወሎ ውስጥ ዛሬ ይህ ንግግር እየተዳከመ ነው፤ የብረት በር ሠሪ ከተማ ውስጥ የተከበረ ሰው ነው። በቁልፍ ባለሙያው ላይ ግን የቀረ ጥርጣሬ አለ፦ «የኔን የቀረጸ ለራሱስ ቢያስቀር?» የሚል። ጥያቄው ስድብ አይደለም፣ ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ሰው ቤቱን የሚያህል ነገር አደራ ሲሰጥ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ይህ አካባቢ ቁልፍና አደራ ምን እንደሆኑ ከማንም በላይ ያውቃል። በአምባሰል ግዛት ያለችው ግሸን አምባ ለብዙ ትውልድ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁባት አምባ ነበረች። ገደሉ ግድግዳ፣ ጠባቧ መግቢያ በር፣ የአምባው ጠባቂዎች ቁልፍ ነበሩ፤ አጠባበቁም እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቆይቷል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በአደራ የኖሩበት ነው፤ ከ1273 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሚታወቀው ወንጌላቸው ዛሬም እዚያው አለ። ሰባት መቶ ዓመት አንድ መጽሐፍ የቆየው በበሩ ጥንካሬ አይመስለኝም፤ በዕቃ ቤቱ ጠባቂዎች ነው።

ስለዚህ ጥርጣሬው የሚፈታው በአሠራር ነው። ቁልፍ ባለሙያው መዝገብ ይያዝ፤ በር ክፈትልኝ ያለውን ሰው ስምና መታወቂያ ይመዝግብ። በ2015 ዓ.ም. አዋጅ የወጣለት ፋይዳ መታወቂያ እየተስፋፋ ስለሆነ ይህ ከቀድሞው ቀሏል። ቤቱ የጠሪው መሆኑን የሚያውቅ ጎረቤት ወይም የቀበሌ ሰው ሳይኖር የማያውቀውን ቤት አይክፈት። ያወጣውን ቅጂ ደንበኛው ፊት ቆጥሮ ያስረክብ፣ የተበላሸውን ቁልፍም እዚያው ያጥፍ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያና ቴክሳስን የመሰሉ ግዛቶች ያለፈቃድ ይህን ሙያ መሥራት ይከለክላሉ። እኛ ጋ የከተማ አስተዳደሩና ፖሊስ ቢያንስ ዝርዝራቸውን ይዘው መታወቂያ ቢሰጧቸው፣ ሐቀኛው ባለሙያ ከሌባው ይለይ ነበር፤ ዋጋውም ይጨምርለት ነበር። ምዝገባው ለባለሙያው ሸክም ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እርሱን ነው እላለሁ።

ስለ ተሽከርካሪ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሐይቅ ላይ የሚበዛው ባጃጅና አሮጌ አይሱዙ ነው፤ ቁልፋቸው ተራ ብረት ስለሆነ በማሽን ይወጣል። የቤት መኪናው ግን ሌላ ነው። በአውሮፓ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ ያለ ትክክለኛው ቺፕ ሞተሩ የማይነሣበት መከላከያ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል፤ አገራችን የገቡት ቪትዝና ኮሮላዎችም ብዙዎቹ ቺፕ ያለው ቁልፍ አላቸው። ጥርሱን መቅረጽ አይበቃም፤ ቺፑ ከመኪናው ጋር በኮምፒውተር መተዋወቅ አለበት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ከሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ በስልክ ወይም በካርድ የሚከፈቱ ናቸው። በዚህ ዘርፍ አንድ ሥራ የብዙ ቀን ቅጂ ያህል ይከፍላል፤ መሣሪያው ግን ውድ ነው፣ ዕውቀቱም በየጊዜው ይታደሳል። ለሐይቅ ብቻ መግዛት አያዋጣም። ደሴና ኮምቦልቻን፣ ወደ ሰሜንም ውጫሌንና መርሳን አካቶ የሚዞር አንድ ሰው ግን ሊያዋጣው ይችላል። በክልሉ ማሽን በኪራይ ግዢ የሚያቀርበው ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስን የመሰለ ተቋም ለእንዲህ ያለ ሰው በር መሆን ይገባዋል።

ብዙ ወጣት የሚያስበው ሌላው መንገድ አዲስ አበባ ነው። ኮንዶሚኒየም በዕጣ በተላለፈ ቁጥር በሺዎች የሚቆጠሩ በሮች ሲሊንደር ተለውጦላቸዋል፤ መርካቶ የቁልፍ ሰው አይጠፋም፣ የመኪና መቆለፊያም ሶማሌ ተራ ይገኛል። ግን ኪራዩ፣ ፉክክሩና እንግዳነቱ አሉ። እንግዳ ሰው በዚህ ሙያ በእጥፍ ይጠረጠራል። የ1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስላዘዘ፣ በተከራይ መለዋወጥ ላይ የቆመው ሥራ ጥቂት ይቀዘቅዛል። በሌላ አገርም ይህ ሙያ ብዙ ሰው የሚቀጥር አይደለም። ከ330 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አሜሪካ የዚህ ሙያ ተቀጣሪዎች ከ20 ሺህ በታች ናቸው፤ መካከለኛ ገቢያቸው በዓመት 50 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን ይህም ከአገሩ ሠራተኞች መካከለኛ ገቢ ብዙ የራቀ አይደለም። ጥቂት ሰው በደንብ የሚኖርበት ሙያ ነው፤ ሐይቅ ላይም ከዚህ የተለየ አይሆንም።

ስለዚህ ለአንድ ጀማሪ የምመክረው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማሽን አይግዛ። በመጀመሪያው ዓመት የብረት በር ቤት ገብቶ ብየዳና የበር አገጣጠም ይማር፤ እግረ መንገዱን ያገለገሉ ሲሊንደሮችን እየፈታ ፒናቸውንና ሞላቸውን ይወቅ፣ በሞረድ መቅረጽ ይልመድ። በሁለተኛው ዓመት ቦርሳ ይዞ ቤት ለቤት ይሂድ፤ ከዐረብ አገር ገንዘብ የተሠሩትን ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶቹን፣ አልጋ ቤቶቹን ይድረስ። ማሽኑን በሦስተኛው ዓመት ይግዛ፤ ያን ጊዜ ቅጂው ተጨማሪ ገቢ እንጂ ዋናው እንጀራው አይሆንም። ክረምት ላይ ግንባታ ሲቀዘቅዝና ሥራ ሲሳሳ የሚደግፈው የእቁብ ገንዘብ ይኑረው፤ ከመኸር በኋላ፣ ሰርግና ግንባታ በሚበዛበት በጋ፣ ሥራው ተመልሶ ይመጣል። ከተማው ውስጥ ሦስት ማሽን ካየ ደግሞ አራተኛውን ሐይቅ ላይ አያስቀምጥ፤ ውጫሌን ወይም ቢስቲማን ይመልከት።